ኤረር ላይ ባቡሩ ይቁም

ብርቱካን በሳህን። በድሮው ባቡር ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ኤረርን የሚያስታውሳት በዚህ ነው። ባቡሩ ገና ፍሬን ሲይዝ ሴቶችና ልጆች በሀዲዱ ዳር ይሮጣሉ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳህኑ እጅ ተዘርግቶ ወደ ላይ ይወጣል። አንዷ "ብርቱካን!" ትላለች፣ ሌላዋ በሶማሊኛ "ሊን!" ትላለች። መንደሪን አለ፣ ፓፓያ አለ፣ ወቅቱ ከሆነ ዘይቱን አለ። ከመስኮቱ ብር ይወርዳል፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። አንዳንዴ ባቡሩ መልስ ሳይሰጥ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሳህኑም አብሮ ይሄዳል።

እናቴ ቶሎ አትገዛም ነበር። "ቆይ፣ ሊነሳ ሲል ይረክሳል" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ፊሽካው ሲነፋ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ችግሩ፣ አንዳንዴ ባቡሩ ከእናቴ ይቀድማል። ያኔ እስከ አዋሽ ድረስ ያለ ብርቱካን ነው፣ አኩርፈን።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ደጋግሜ ለሰማሁት ሐሳብ መልስ ስለሚሆነኝ ነው። "አዲሱ ባቡር አለ አይደል፣ የድሮዎቹ የባቡር ከተሞች ራሳቸው ይነሳሉ" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሀዲድ ከተማ ሠርቶ አያውቅም። ከተማ የሚሠራው የባቡሩ መቆም ነው።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ እንየው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ኢልግ ሌዎን ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፣ ሥራውም በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረርን መንካት ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። በዚያ ገንዘብና በዚያ ሞተር ባቡሩ ያንን ዳገት አይወጣውም። ስለዚህ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቀረ። በታህሳስ 1895 ባቡሩ የደረሰበት ቦታ "አዲስ ሐረር" ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው የሚገርመኝ። ኩባንያው ገንዘቡ አለቀና ከሰረ። ሀዲዱ ለዓመታት አንዲት ጋት ወደ ፊት አልሄደም። ለባለ አክሲዮኖቹ ኪሳራ ነበር፣ ለድሬዳዋ ግን ልደት። ባቡሩ ከድሬዳዋ ስለማያልፍ ዕቃው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ከዚያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ጫኝ ያስፈልጋል፣ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ማደሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ጠበቃ፣ ገንዘብ ለዋጭ ያስፈልጋል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ የመጣው ለዚህ ነው። ከተማዋን በሚከፍለው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወዲህ ከዚራ የምትባለው ሰፈር ቀጥ ያለ መንገዷንና ጥላ ዛፏን ይዛ በቀለች፣ ወዲያ ማዶ የመጋላ ሰፈር። መስመሩ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ባቡሩ ሳይዘገይ ቀጥ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ድሬዳዋ ምን ያህል ታድግ ነበር? አቦ፣ እኔ ከአንድ ጣቢያና ከጥቂት ሱቅ የምታልፍ አይመስለኝም።

ኤረርም በትንሹ እንዲሁ ናት። (በሐረርና በባቢሌ በኩል ያለው የኤረር ሸለቆ ሌላ ነው። እኔ የምለው ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በሀዲዱ ላይ ያለችውን፣ ሰው ኤረር ጎታ የሚላትን ነው።) ዙሪያዋ በረሃማ ሜዳ ነው። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ግን እዚያ ይገኛል፣ ፍልውሃም አላት። የድሮው ባቡር የእንፋሎት ነበር። የእንፋሎት ባቡር እንደ ግመል ነው፣ መንገዱ ላይ ካልጠጣ አይሄድም። ውሃ ያለበት ቦታ ለባቡሩ ይሆናል፣ ለብርቱካኑም ይሆናል። በበረሃ መሀል የለመለመ የፍራፍሬ ማሳና ባቡር ጣቢያ ጎን ለጎን የተገኙት እንዲያው በዕድል አይደለም።

ገበያውም ነበረ። ጅቡቲ ደረቅ አገር ናት፣ አትክልትና ፍራፍሬዋ ከእኛ ነው የሚሄደው። ባቡሩ ወደዚያ ጫትና ፍራፍሬ ያወርዳል፣ ወደዚህ ደግሞ ልብስና ሽቶ ይዞ ይወጣል። የልብሱ ግማሽ ቀረጥ አይቶ የማያውቅ ነው፣ ይህን ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የኮንትሮባንድ ሴቶች በደራረቡት ቀሚስ ብዛት ከሰውነታቸው ሁለት እጥፍ ሆነው ነበር የሚሳፈሩት። እነሱም የኤረር ብርቱካን ደንበኞች ነበሩ።

የባቡሩ ዝግታም ለከተሞቹ ጠቅሟል። በመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ማታ ማታ አይሄድም፣ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ ያለው የድሮ ሆቴል የዚያ ማደር ልጅ ነው። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው "ምን ዓይነት ኋላ ቀር ባቡር ነው" ይላል። ለመንገደኛው እውነት ነው። ለአዋሽ ግን እያንዳንዱ ሌሊት እራት የሚበላና አልጋ የሚከራይ ሰው ማለት ነበር።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ኮብደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ራሱ በባቡር ኩባንያው ውስጥ ድርሻ ከነበረው እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ ከሪቻርድ ኮብደን የመጣ ነው። የአካባቢው ሰው እንጆሪ፣ ኮክና ፖም ያመርታል። ገዢው ግን ቺካጎ ነው፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። እንጆሪ ደግሞ በበጋ ሙቀት ያንን መንገድ አይችልም። በአውሮፓውያን 1866 ፓርከር ኧርል የሚባል አትክልተኛ ሣጥን ሠራ። በእያንዳንዱ ሣጥን 45 ኪሎ ያህል በረዶና ወደ 190 ሊትር እንጆሪ ጨምሮ በባቡር ላከ። በረዶ ያለው ሣጥን፣ ሌላ ምንም የለውም! ዛሬ የምናውቀው የማቀዝቀዣ ፉርጎ ታሪክ ሲነገር የዚያ ሣጥን ስም ይነሳል። ባቡሩ ኮብደን ላይ ቆሞ ሣጥን ለመጫን ፈቃደኛ ባይሆን ግን በረዶውም እንጆሪውም አብረው ይቀልጡ ነበር።

ወደ ኤረር ልመለስ። ውድቀቷ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ናፍጣ መጣ። በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ውሃ ፍለጋ አይቆምም። ቀጥሎ በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተዘጋ። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ይህን አደጋ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ቤተሰቦች አሉ።

ከሁሉ በላይ የጎዳው ግን አስፋልቱ ይመስለኛል። ባቡሩ ሜዳውን ይዞ ሲሄድ ዋናው የመኪና መንገድ ደጋውን ይዞ ሄደ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ። መኪናው ሲበዛ ገበያው ወደ ላይ ወጣ። አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ ሜዳ ላይ ቀሩ። በ2000 ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጭራሽ ሲቆም ለኤረር የቀራት በየሳምንቱ የሚመጣ መኪናና የሚጠበቅ ደላላ ነበር። ደላላ ደግሞ እንደ እናቴ ነው፣ ዋጋው እስኪወርድ ይጠብቃል። ልዩነቱ፣ እሱን ባቡር አይቀድመውም።

በመስከረም 2009 አዲሱ መስመር ተመረቀ። የድሮው አዲስ አበባ ከገባ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሀዲዱም ከአንድ ሜትሩ የድሮ ሀዲድ ሰፋ ይላል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ይህን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ግን ጣቢያዎቹን እዩአቸው። ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። የድሬዳዋው እንኳ ከከዚራ ርቆ ሜዳ ላይ ነው፣ ለመሳፈር ታክሲ ያስፈልጋል። የድሮው ለገሃር በር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት እዚያ ድረስ ሄዳ አትሸጥም። መንገደኛ ባቡሩ የሚቆምባቸው ቦታዎችም በጣት ይቆጠራሉ።

የባለሙያዎቹ መልስ ይገባኛል። ከባድ የጭነት ባቡር ማቆምና ማስነሳት ኃይል ይፈጃል፣ ጊዜ ይበላል፣ የተበደርነውን የምንከፍለው ደግሞ ከጅቡቲ በሚመጣው ኮንቴይነር ነው። እሺ። ነገር ግን የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ ይበልጣል። ይህ ማለት ወደ ላይ ሞልቶ የሚመጣው ባቡር ወደ ታች ሲመለስ ብዙ ባዶ ቦታ አለው። ወደ ታች ያለችው ደግሞ ጅቡቲ ናት፣ ያችው ፍራፍሬ የምትፈልገዋ። ባዶ ፉርጎ በብርቱካን አገር አጠገብ እያለፈ ይወርዳል፣ ብርቱካኑ ደግሞ በመኪና ይንገላታል። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በፍራፍሬው ወቅት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀኑና ሰዓቱ ታውቆ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባቡር ኤረር ላይ ይቁም። አንድ ሁለት ማቀዝቀዣ ያለው ፉርጎ ይቀጠልበት። በጣቢያው ጥላ ያለው መጫኛ ይሠራ። ገበሬው ቀኑን ካወቀ መቼ እንደሚለቅም ያውቃል። ቀኑን ካላወቀ ግን ለደላላው ይለቅማል። መንገደኛ ባቡሩም ቢቆም አልጠላም። ሴቶቹ አሁንም ሳህን አያጡም። አዲሱ ባቡር መስኮቱ አይከፈትም ይሉኛል፣ በሩ ግን ይከፈታል አይደል?

አሥር ደቂቃ ይበቃል። እናቴ ስምንቱን ዋጋ ስታስወርድ ትጨርሰዋለች።