አራት ራስ አለው አለኝ

ጀማው፣ ገና አሁን መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ድስቱ በሩ ላይ ተደፍቷል፣ እኔም አጠገቡ ተደፍቻለሁ። ፊደል ብገድፍ አትታዘቡኝ፣ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።

አንድ ምድጃ! አንድ ራስ ያለው፣ እግሩ የጠና፣ ሲለኮስ የሚያፏጭ የጋዝ ምድጃ። እሱን ፍለጋ ነው ከጠዋት ጀምሮ ከፒያሳ ሙጋድ፣ ከሙጋድ ቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሼ ፒያሳ ስዞር የዋልኩት። ያውም 30 ሊትር ድስት ታቅፌ።

ድስቱን ለምን ይዘህ ወጣህ እንዳትሉኝ። ባለፈው ሳምንት ባዶ እጄን ሄጄ «ድስትህ ምን ያህላል?» «ትልቅ ነው» «ምን ያህል ትልቅ?» ተባብለን ነው የተለያየነው። ስለዚህ ዛሬ ብልጥ ልሁን አልኩ። የብልጠቴን ዋጋ ደሴ ከፈለችኝ። ከሰፈር ሳልወጣ «ማን አገባ?» አሉኝ። ትንሽ እልፍ እንዳልኩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ተለየ?» አሉኝ። ባለ ባጃጁ ደግሞ ለድስቱ የሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። «ወንበር ይዟላ!» ይለኛል። ከፈልኩ። ምን ላድርግ፣ ከባጃጅ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሱቁ። የትኛው ሱቅ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገ ተመልሼ የማልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከበርኳቸው፣ ድስቴን መሬት አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምድጃ ስንት ኪሎዋት ነው?»

«አራት ራስ አለው።»

«አዎ አይቻለሁ። የአንዱ ራስ ኃይል ስንት ነው?»

«በጣም ኃይለኛ ነው።»

«ስንት ይሆናል ግን?»

«ኦሪጅናል ነው የኔ ጌታ።»

አዙሬ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። 8 ኪሎዋት ይላል። ልቤ ዘለለች። ከሥር በደቃቁ ሳነብ ለካ የአራቱ ድምር ነው! ትልቁ ራስ ብቻውን 3 አይሞላም። እና ምን ላድርግ? ድስቴን ለአራት ቆርጬ ልጣደው? ደግሞ ላዩ መስታወት ነው። የሞላ ድስት ከነ ብረቱ 30 ኪሎ ያልፋል። ትኩስ ነገር ተሸክሞ መስታወቱ እግሬ ላይ ቢፈነዳ ኦሪጅናልነቱ ያድነኛል?

«ምን ልትሠራበት ነው ግን?» አሉ ጋሼ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። ሽሮ ወጥ ማለት እችል ነበር። እውነቱን ተናገርኩ።

«ቢራ ልጠምቅ ነው።»

ሱቁ ጸጥ አለ። ሳህን ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ዞሩ። ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ።

«ቢራ?»

«አዎ፣ ቤት ውስጥ፣ ለራሴ።»

«ታዲያ ሀረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ አትሄድም? ፋብሪካው እዚያ ቆሞልህ! ሳጥን አስጭነህ ትመጣለህ።» ሻይ ጠጪው ሳቀ። አንደኛዋ ሴትዮ እያዘነችልኝ «እናት የለህም የኔ ልጅ?» አለች።

«አለችኝ።»

«ታዲያ እሷ አትጠምቅልህም?»

«ጠላ አይደለም እኮ እትዬ።»

«ሚስትስ?»

ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ጋሼ ክሱን ዘጉት። «ይሄ ልጅ የቸገረው ምድጃ አይደለም፣ ሚስት ነው!» ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወላሂ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ አብሬ መሳቄ! ድስቴን አንስቼ ስወጣ በሩ ላይ ተጋጭቶ ጓ! አለ፣ እንደገና ሳቁ። መልሱ የመጣልኝ ሆጤ ጋ ስደርስ ነው፤ «ጋሼ፣ ሚስቱ ስንት ኪሎዋት ናት?» ማለት ነበረብኝ። አሁን ምን ያደርጋል።

አንድ ቁጥር እኮ ነው የጠየቅሁት። አስር ዓይነት ወሬ ሲሰጡኝ ቁጥሯን ያልሰጡኝ ለምንድነው? ባለፈው ስልኬን ልጠግን ሄጄ «ባትሪው ስንት ሚሊአምፒር ነው?» ስል «ቀኑን ሙሉ ይቆያል» ተባልኩ። እስከ ምሳ ቆየ። ልብስ ሰፊው ጋ «መቼ ይደርሳል?» ስል «አታስብ» አለኝ። አታስብ ቀን ነው እንዴ? ከሰኞ በፊት ነው ከማክሰኞ በኋላ?

ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ፣ እዚያ ማንም አልሰማኝማ። 25 ሊትር ውሃ ከደሴ ብርድ፣ ከ18 ዲግሪ በሉት፣ ተነስቶ እስኪፈላ በ3 ኪሎዋት ራስ፣ ግማሹ ሙቀት በድስቱ ጎን አልፎ ወደ አየር ስለሚሄድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ያውም ነፋስ ካልመጣ። ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። 10 ኪሎዋት ያለው አንድ ራስ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሰዋል። ከፈላ በኋላም አያበቃም፤ ብቅሉ የተነከረበት ውሃ ቢያንስ አንድ ሰዓት እየተንተከተከ መቆየት አለበት፣ ያውም ክዳኑ ተከፍቶ። ከድነህ ካፈላኸው ከብቅሉ የሚወጣው ሽታ መሄጃ አጥቶ ይቀርና የጎመን ቅቅል የሚሸት ቢራ ትጠጣለህ። ደካማ እሳት ክዳኑ የተከፈተ 25 ሊትር ማንተክተክ አይችልም፤ ለብ አድርጎ ያንገላታዋል።

ይባስ ብሎ እኛ ያለነው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላና ያበቃል። ሆፕ፣ ማለትም ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባው አበባ፣ ምሬቱን የሚሰጠው በሙቀት ስለሆነ ሙቀቱ ሲቀንስ ጊዜ ትጨምርለታለህ። ጊዜ ሲጨምር ጋዝ ይጨምራል። ጋዝ ደግሞ... ተዉት፣ ስለ ጋዝ ዋጋ ከጀመርኩ አልጨርስም። አየሩም ስስ ስለሆነ ለቆላ የተሠራ ምድጃ እዚህ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ድስቱን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። አየር ማስገቢያው የሚከፈትና የሚጠብብ መሆን አለበት። ይሄንን «አየር ማስገቢያው ይስተካከላል?» ብዬ ሁለተኛው ሱቅ ጠየቅሁ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቬንትሌተር የሚሸጡት ማዶ ናቸው» አለኝ።

ሦስተኛው ሱቅ ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረው። ትልቅ አንድ ራስ ምድጃ አላቸው! እግሩ የብረት፣ ሰፊ፣ ድስቴን ሳስቀምጥበት ልክ ቁጭ። አልሐምዱሊላህ ልል ስል «ሬጉሌተሩስ?» አልኩ። «ማንኛውም ይሆናል፣ ያው ነው።» ያው አይደለም! የቤት ቡታጋዝ ሬጉሌተር ዝቅተኛ ግፊት ነው፣ 30 ሚሊባር አካባቢ። ያ ምድጃ የከፍተኛ ግፊት ነው፣ የራሱን የሚስተካከል ሬጉሌተር ይፈልጋል። ያለ እሱ ሻማ ነው የምታበራው። ጎማውም ግፊቱን የሚችል መሆን አለበት። «የታለ ታዲያ ሬጉሌተሩ?» «አልቋል፣ ግን ምድጃውን ውሰደው፣ እሱ ይመጣል።» መቼ? «አታስብ።»

በዚያ ላይ «ቤት ውስጥ በር ዘግተህም ብታነደው ምንም አይልህም» ይላል። ኧረ በአላህ! ያን የሚያህል እሳት በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ጭስ ሽታ እንኳ የለውም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ስትል ወስዶህ ነው የሚቀረው። ለድስቴ የጠየቁኝ ለቅሶ ያኔ እውነት ይሆናል።

ሀቂቃውን ለመናገር ዛሬ ሰው ያደረገኝ አንድ በያጅ ብቻ ነው። ድስቱን ተቀብሎ በስንዝር ለካው፣ ቂጡን አገላብጦ አየው፣ «ሲሞላ ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለኝ። ላቅፈው ነበር! በጠዋት የወጣሁለትን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ነው። «ለሠርግ ቤት ሠርቼ አውቃለሁ፣ እሠራልሃለሁ» አለ። ጋዙ የሚተፋበት ቀዳዳስ? «በሚስማር እበሳዋለሁ።» ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ቀዳዳ በሚስማር! ነበልባሉ ስንት ሜትር እንዲሆን እንደምፈልግም ጠየቀኝ። ስንት ሜትር! ድስቴን በቀስታ ተቀበልኩት።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ተነስቶ «የኤሌክትሪክ ግዛ» ይለኛል። ያለፈውን ረሳችሁት? ፈልቶ ሃያ ደቂቃ እንዳለ መብራት ሄደ፣ ሲመጣ ማታ ነው። ያን ቢራ ቀምሳችሁ «ለየት ያለ ነው» ያላችሁኝ ጓደኞች እግዜር ይይላችሁ። ከሰልም አልሞክርም፣ አንዴ ከጋለ ዝቅ በል ብትለው አይሰማም፣ ድስቱ ገንፍሎ ግማሹ ምድጃው ውስጥ ይቀራል።

እናቴ ከሁሉም ትብሳለች። እሷ ለጠላ እሳት የምትፈልገው አሻሮ ልትቆላና ቂጣ ልትጋግር ነው፣ ከዚያ በኋላ ጌሾውና ጋኑ ይጨርሱታል። የእኔን ድካም ስታይ «አንተ ውሃ ለማፍላት ነው ይሄን ሁሉ የምትማረው?» ትላለች። ከውጭ በሰው ያስመጣሁትን ሆፕ አሽትታ «ይሄን የደረቀ ሳር ለማን ልትሰጠው ነው?» ብላኛለች። ጠዋት ስወጣ ግራዋ ይዛ ጋን ስታሽ ነበር፣ ከነ ድስቴ አየችኝና ምንም አላለችም። እናቴ ዝም ካለች ፍሩ።

ለነገሩ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ማለቴ ቆርጫለሁ ግን ብቅሉ ስላለ ነው። ከሰኞ ገበያ መርጬ፣ ነቀዝ አለው የለውም እያልኩ ያመጣሁት 5 ኪሎ ብቅል፣ ተከክቶ ማድ ቤት በጆንያ ተቀምጧል። ምድጃው እስኪገኝ ይቆይልኛል ብዬ...

ቆይ።

ወይራ ይሸታችኋል? እኔ ይሸተኛል። ጋን እየታጠነ ነው። ለምንድነው ዛሬ ጋን የሚታጠነው? ድግስ የለብን፣ ማኅበር የለብን።

መጣሁ ጆንያውን አይቼ።

...

ጆንያው ታጥቦ ተሰጥቷል።