የተቃጠለ አጥር በማን ብር ይታጠር? (ክርክር)

ማርች 6፣ 2017 አሜሪካ ውስጥ ስታርበክ የተባለው ሰደድ እሳት ከኦክላሆማ ተነስቶ ካንሳስ ገባና ክላርክ ካውንቲን አወደመው፣ ከብቱ በሺ የሚቆጠር አለቀ፣ አጥሩም አብሮ ሄደ። ኢሲፒ የሚሉት የመንግስት የድንገተኛ መሬት ጥበቃ ፕሮግራም ደግሞ አጥር መልሶ ለማሰራት ከወጪው እስከ 75 ፐርሰንት ይከፍላል። ልክ ነው ወይ?

ደጋፊ፦ በጣም ልክ ነው! እዛ አገር እኮ አጥር ለማማር የሚቆም ነገር አይደለም፣ ከብቱ ሳሩን በየተራ የሚግጠው በአጥር ስለተከፋፈለ ነው፣ አጥር ከሌለ ገና ብቅ ያለችውን ለጋ ሳር ከነስሯ ይጨርሳታል ከዛ የተራቆተውን አፈር የካንሳስ ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል፣ አፈር አንዴ ከሄደ ደግሞ በማንም ብር አይመለስም። አንድ ማይል አጥር በዛን ጊዜ 10,000 ዶላር አካባቢ ነበር የሚፈጀው። 10 ማይል የተቃጠለበት ሰው ከብቱም አልቆበት 100,000 ከየት ያመጣል?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ የአፈሩ ነገር ገብቶኛል። ግን ለሞተው ከብትም እኮ ሌላ ፕሮግራም የገበያ ዋጋውን 75 ፐርሰንት ይከፍላል፣ ታዲያ የባለቤቱ ሪስክ የቱ ጋ ነው? እዛው ካንሳስ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ኢንሹራንስ ከሌለው ቢበዛ የሚያገኘው የመንግስት ብድር ነው፣ እሱም ታክስ ከፋይ ነው እኮ። ደሞ የክፍያውን ጣሪያ እየው፣ በእሳቱ ጊዜ ለአንድ ሰው 200,000 ዶላር ነበር፣ የ2018ቱ የእርሻ ህግ 500,000 አደረገው። ባንተው ዋጋ ካሰብነው መንግስት ለአንድ ማይል 75 ፐርሰንቱን ማለትም 7,500 ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ 500,000 የ66 ማይል አጥር ማለት ነው። 66 ማይል አጥር ያለው ሰው ነው ድሃ ገበሬ የምትለኝ?

ደጋፊ፦ እህቴ ምእራብ ካንሳስ ደረቅ አገር ነው፣ ሳሩ ስስ ስለሆነ አንዲት ላም ብዙ ኤከር ትፈልጋለች፣ ስለዚህ መሬቱ ሰፊ ነው ማለት ኪሱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። 25 ፐርሰንቱንም እኮ ከራሱ ነው የሚያወጣው፣ አቅም ለሌለው ደግሞ እስከ 90 ፐርሰንት ይሸፈናል።

ተቃዋሚ፦ እስከ 90 ይሁን፣ መቼ ነው የሚደርሰው? መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዛ መጥተው መሬቱን እስኪያዩ መጠበቅ፣ ከዛ በራስህ ብር ሰርተህ ደረሰኝ ስታቀርብ ነው የሚከፈልህ፣ ቸኩለህ ሳታመለክት ከጀመርክ ላትከፈል ትችላለህ። ይሄን ሁሉ የሚችለው ባንክ የሚያምነው ትልቁ ነው፣ ትንሹ ግን የተረፉትን ከብቶች በርካሽ ሸጦ ይወጣል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደጋፊ፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ያው የ2018ቱ ህግ ለአጥር ከክፍያው እስከ 25 ፐርሰንቱን ስራው ሳይጀመር በቅድሚያ መክፈል ፈቅዷል፣ ትንሽ ነው፣ ለትንንሾቹ ግማሽ ይሁንላቸው እላለሁ። የክፍያውን ጣሪያ ግን አትንኪው፣ የትልቁ ሰው አፈርም ሲነሳ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው።

ተቃዋሚ፦ እነካዋለሁ እንጂ! ትንሹ ቅድሚያ ክፍያውን የሚያገኘው ከዛው በጀት ነው እኮ፣ አንድ ሰው ግማሽ ሚሊዮን ይዞ ከሄደ ስንት ትንንሽ ገበሬ ሰልፍ ላይ ይቀራል?