አሜሪካን እንደ ዳዊት

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ሾፌር ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ካያችሁ፣ የሚጸልይ እንዳይመስላችሁ። «435፣ 2 ዓመት። 100፣ 6 ዓመት። 9፣ ዕድሜ ልክ» እያለ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። የአሜሪካ ዜግነት ፈተናው ደርሶበታል።

ለነገሩ እኛ ለዚህ ፈተና የተፈጠርን ሕዝብ ነን። ግእዝ ሳይሰማ ዳዊት ሲደግም ያደገ ሰው፣ ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተሟገቱት ጽሑፎች፣ በ«ፌዴራሊስት ፔፐርስ» ውስጥ ምን እንዳለ ባያውቅም ማን ጻፈው ሲሉት «ማዲሰን፣ ሃሚልተን፣ ጄይ» ብሎ ማንበልበል አያቅተውም። የቃል ጥናት ጣጣው ቁጥሮቹ ሲደባለቁ ነው። ሴናተር ለስንት ዓመት ይመረጣል ሲባል «100» ያለ ሰው፣ ጃንሆይ እንኳ ያላገኙትን የሥልጣን ዘመን አድሎ ይወጣል።

ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው። ፈታኙ እስከ 20 ይጠይቃል፤ 12 የመለሰ ያልፋል፣ 9 የሳተ ይወድቃል፣ በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ፈታኙ በመሀል ዝም ካለ፣ ቆጥሮ ያልያዘ ተፈታኝ ይሳቅ ያልቅስ አያውቅም። ከዚያ ቀን በፊት ላስገባ ግን የድሮው ነው፦ ከ100ው 10 ተጠይቆ 6 መመለስ። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የወደቀበትን ክፍል ብቻ፣ እንግሊዝኛውን ወይም ይህን የጥያቄ ፈተና፣ ደግሞ ይፈተናል። 65 ዓመት የሞላቸውና ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የኖሩ እማማዎች ደግሞ ኮከብ የተደረገባቸውን 20 ጥያቄ ብቻ አጥንተው፣ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳሉ።

ብዙ ከሚያውቅ ተፈታኝ ይሰውራችሁ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር የሆኑ ጋሼ ገብተው «ለእርስ በርስ ጦርነቱ አንድ ምክንያት ይጥቀሱ» ቢባሉ፣ «ባርነት» ብለው መዝጋት ሲችሉ ከጥጥ እርሻው ይጀምራሉ። ሊንከን ጋ ሳይደርሱ ወይ እንግሊዝኛው ያልቃል ወይ የፈታኙ ትዕግሥት። አንድ ጥቀስ ከተባለ አንድ ነው። ካልተሰማህም «ይድገሙልኝ» ማለት ነጥብ አያስቀንስም።

እውነተኛው ወጥመድ ያለው ሰው ከማይፈራው ቦታ፣ ከማመልከቻው ጥያቄዎች ላይ ነው። ሐበሻ ይሉኝታ ይዞት፣ ባይገባውም ራሱን ነቅንቆ «የስ፣ የስ» ይላል። ፈታኙ የሚጠይቀው ግን «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርህ ወይ?» ብሎ ሊሆን ይችላል። በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ይህችን ጥያቄ ሲሰማ ቀበሌው፣ ኢሠፓው፣ የውይይት ክበቡ ባንድ ጊዜ ይመጡበታል። የነበረ ነበረ ነው፤ ውሸት ከአባልነቱ የከፋ ጣጣ ስላለው ማመልከቻው ሳይገባ ጠበቃ ማማከር ይሻላል። በተቃራኒው «ሕጉ ካስገደደ ለአሜሪካ መሣሪያ ይይዛሉ ወይ?» ሲባሉ «ኧረ በዚህ ጉልበቴ፣ ልጄ!» የሚሉ እናት አሉ። ጥያቄው ስለ ጉልበት አይደለም።

ዲሲ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ደግሞ አንድ በረከት አለው። «ከክፍለ ግዛትህ ሴናተሮች አንዱን ጥቀስ» ሲባል ትክክለኛው መልስ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ነው። የለም ብሎ ነጥብ የሚገኝበት ሌላ ፈተና ካለ ንገሩን። ይህን ሰምቶ ግን ሥራው ዲሲ፣ አልጋው ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነ ሰው «የለንም» እንዳይል፤ እሱ የሜሪላንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሴናተሮች አሉት።

ለጥናት ብሎ ከኋላ ወንበር የተሳፈረውን ተወላጅ መጠየቅም አይመከርም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአነንበርግ የጥናት ማዕከል በ2016 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ ሕግ አውጪውን፣ አስፈጻሚውንና ተርጓሚውን ሦስቱንም መጥራት የቻለው 26 በመቶው ብቻ ነበር። ተሳፋሪው ፍራንክሊንን 100 ዶላር ላይ ስላየው ፕሬዚዳንት ነበር ብሎ ሊምልልህ ይችላል። እሱ ቢሳሳት ማንም አይጠይቀው፤ አንተ ነህ መልሱን ይዘህ የምትገባው።

ከሁሉም የሚያስፈራው በቤተሰብ የሚወረሰው የጥናት ወረቀት ነው። ታላቅ ወንድም አልፎበት ለምራት ሰጥቷት፣ ምራት አልፋበት ለእናቷ አውርሳዋለች፤ ዳር ዳሩ የቡና ጠብታ አለበት። አሁንም 100 ጥያቄ ብቻ ስላለው አዲስ አመልካች ይዞት ቢገባ 128ቱ ፊት ይቆማል። «ፕሬዚዳንቱ ማን ነው?» ከሚለው ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኦባማ» ተጽፎ ተሰርዟል። ከጎኑ «ትራምፕ» ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ «ባይደን» ተጽፎ ተሰርዟል። ከዚያ ቦታ ስለጠፋ በቀስት ወደ ኅዳጉ ወጥቶ፣ በትንንሽ ፊደል፣ እንደገና «ትራምፕ»።