ጥፋቱ የቸርኬው ሆኖ ሳለ ፍሬኑ ለምን ይከሰሳል?

በምኖርባት የእንግሊዝ ከተማ አሮጌ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎችን የሚያሰባስብ፣ እኔም ለዘጠኝ ዓመታት አባል የሆንኩበት አንድ ክበብ አለ። ይህ ክበብ ሰሞኑን ባሳለፈው ውሳኔ ከመጪው የሚያዝያ ጉዞ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት የተሠራ ፍሬን የተገጠመለት ብስክሌት እንዳይሳተፍ ከልክሏል፤ መሳተፍ የሚፈልግ ሰው የድሮውን ፍሬን አውልቆ ቸርኬውን የሚጨብጡት ክንዶቹ በሁለት ብሎን ላይ የሚዞሩትን ዘመናዊ ፍሬን መግጠም ይኖርበታል። ከውሳኔው ጋር የተላከው ማብራሪያ «የድሮ ፍሬን የተሠራው ለማማር እንጂ ለማቆም አይደለም» ይላል። በማስረጃነት የቀረበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ጥቅምት በዝናብ ቁልቁለት ይወርድ የነበረ አንድ ተሳታፊ መቆም አቅቶት አጥር ውስጥ መግባቱ።

ያ ሰው የገባበት አጥር ዘንድ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየው ከጥቂት ጭረት በቀር አልተጎዳም፤ ብስክሌቱን ግን አንስቼ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ነው። የፍሬኑ ላስቲክ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ የኖረ መሆኑ ያስታውቃል፤ በጥፍር ሲጫኑት አይሰረጉድም፤ ድንጋይ ሆኗል። ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ስለዛገ እጀታው ተጨብጦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለሰው እየተንቀራፈፈ ነው። እነዚህ ሦስት ጉድለቶች ለማንም ዓይን እየታዩ ኮሚቴው ጥፋቱን ጠቅልሎ ለፍሬኑ ንድፍ ሰጠው። ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስለ ቸርኬ አንድም ቃል የለበትም፤ ስለ ላስቲክም የለበትም። በዚህ ደንብ መሠረት ያ ሰው ያንኑ የብረት ቸርኬ ይዞ፣ አዲስ ፍሬን ብቻ ገጥሞ ቢመጣ በክብር ይቀበሉታል። የአሉሚኒየም ቸርኬና በየዓመቱ የሚለወጥ ላስቲክ ያለው የእኔ ብስክሌት ግን ማፋክ የተባለ የድሮ የፈረንሳይ ፍሬን ስለተገጠመለት ብቻ ከመነሻው ይመለሳል። ይህን ደንብ የጻፉ ሰዎች ስለ ደኅንነት አስበው ጻፉት ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

ቸርኬውን ወደ ጎን ትቶ ስለ ድሮ ፍሬን መከራከር ፈጽሞ አይቻልምና በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብስክሌትን የሚያቆመው ላስቲኩ ቸርኬውን ሲጨብጥ የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። እጀታው፣ ሽቦው፣ ሞላውና ክንዶቹ የጣታችንን ጉልበት አባዝተው እዚያ ከማድረስ ያለፈ ሥራ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕሮፌሰር ዴቪድ ጎርደን ዊልሰን ያስተምሩበት በነበረው በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይህ ነገር በመሣሪያ ተለክቷል። ክሮም በተቀባ የብረት ቸርኬ ላይ የተለመደው ላስቲክ ሲረጥብ፣ የሰበቃው መጠን በደረቅ ጊዜ ከነበረው ወደ አንድ አሥረኛ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ቀጥሎ የታየው ነው፤ ፍሬኑ አጥብቆ እንደተያዘ እንኳ መንኰራኩሩ በአማካይ 30 ጊዜ ያህል ካልዞረ ሰበቃው ማንሰራራት አይጀምርም፤ ወደ ደረቅ አቅሙ ለመመለስ ደግሞ ሌላ 20 ዙር ይፈልጋል። አንድ ሙሉ መጠን ያለው መንኰራኩር በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ 30 ዙር 63 ሜትር፣ 50 ዙር ደግሞ 105 ሜትር ማለት ነው፤ ይህም የአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ሙሉ ርዝመት ነው። አጥሩ የነበረው ከመታጠፊያው ጥቂት ሜትር ላይ ነው።

አሁን ኮሚቴው የሚያወድሰውን አዲሱን ፍሬን በዚያው እርጥብ ብረት ላይ እንግጠመው። ወደ አንድ አሥረኛ የወረደን ሰበቃ በጭብጥ ኃይል ለማካካስ አሥር እጥፍ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከድሮ ፍሬን አሥር እጥፍ የሚጨብጥ ባለ ሁለት ብሎን ፍሬን በዓለም ላይ አልተሠራም፤ ወደዚያ የሚጠጋም የለም። ስለዚህ ያ ሰው አዲስ ፍሬን ገጥሞ ቢሆን ኖሮ እዚያው አጥር ውስጥ በገባ ነበር። በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ግን ውኃው የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዝናብ በማያጣው በዚህ አገር ከአሥር ዓመት በላይ በአሉሚኒየም ቸርኬ የነዳ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል። የብረት ቸርኬውን መለወጥ ለማይፈልግ ሰው እንኳ ድሮ በዚሁ በእንግሊዝ ፊቱ ቆዳ የተለበጠ የፍሬን ላስቲክ ይሸጥ ነበር፤ ቆዳው ውኃውን እየጠረገ እርጥብ ብረትን የሚይዝ በመሆኑ ነው። መፍትሔው የታወቀ፣ ርካሽና የቆየ ሲሆን ኮሚቴው አልጠቀሰውም።

እኔ ይህን ከየትኛውም ንባብ በፊት ያወቅሁት ባሕር ዳር ላይ ነው። በልጅነታችን እየተከራየን የምንነዳው ፊኒክስ የብረት ቸርኬና ከመሪው ወደ ታች በሚወርድ የብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ነበረው። ክረምት ሲገባ ብስክሌቱን የሚያከራዩን ጋሼ ሒሳባቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ትእዛዝ ሳይሰጡን አይለቁንም ነበር፤ ከመታጠፊያው ብዙ ቀድማችሁ ፍሬኑን በስሱ ያዙ፣ ውኃውን ከቸርኬው ላይ ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ አጥብቃችሁ ትይዛላችሁ ይሉናል። ጥር ላይ ያው ብስክሌት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘንጉ አልተለወጠም፤ ላስቲኩም አልተለወጠም፤ በሐምሌና በጥር መካከል የተለወጠው ውኃው ብቻ ነው። እኒያ ሰው በአንድ ክረምት ለአሥር ዓመት ልጆች ያስረዱትን፣ ይህ ሁሉ ባለሙያ የተሰበሰበበት ኮሚቴ ሊረዳው አልፈለገም።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ በስብሰባው ላይ ክንዶቹ በአንድ ብሎን ላይ የሚዞሩ ፍሬኖች በተፈጥሯቸው ደካማ ናቸው፣ ባለ ሁለት ብሎኑ የተፈለሰፈው ይህን ድክመት ለማስወገድ ነው ብሎ ተናግሯል። ይህ የታሪክ ስሕተት ነው። የጀርመኑ ፍሬን ሠሪ አልተንበርገር ሲንክሮን የተባለውን ባለ ሁለት ብሎን ፍሬን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የጃፓኑ ሺማኖ ይህን አሠራር ዓለም አቀፍ ልማድ ከማድረጉ ከሃያ ዓመት በላይ በፊት ማለት ነው። ያ ፍሬን ግን አልተወደደም፤ ክንዶቹ ቀጫጭን ስለነበሩ ሲጨበጡ ይለመጣሉ፤ የጣት ጉልበት ቸርኬው ጋር ሳይደርስ በክንዱ መለመጥ ይባክናል። በአንጻሩ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ሬኮርድ የተባለ ፍሬን በአንድ ብሎን ላይ የሚዞር ሆኖ ሳለ፣ ክንዶቹ ተቀጥቅጦ ከተሠራ አሉሚኒየም በመሆናቸውና በማጠራቸው አይለመጡም። በ1970ዎቹ የዘመኑ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች የአልፕስን ቁልቁለቶች የወረዱት በዚሁ ፍሬን ነው። የብሎን ቁጥር የፍሬን ጥራት መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ስለ ሬኮርድ እውነቱን ለመናገር ጠንካራ እጅ ይጠይቃል፤ እኔ ከእርሱ ይልቅ ማፋክን የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ይሠራ የነበረው ማፋክ ሬሰር ሽቦው ከመሐል የሚስበው ፍሬን ነው፤ ሁለቱ ክንዶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብሎን ላይ ይዞራሉ። ላስቲኩ የሚታሰርበት ቦታ በማንኛውም አቅጣጫ ስለሚዞር የላስቲኩን የፊት ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ይህ ካልተደረገ ይጮኻል፤ ማፋክን በጩኸቱ የሚያሙት ሰዎች ሁሉ ይህን አስተካክለው የማያውቁ ናቸው። ይህን መሰል ማስተካከያ በሌላቸው በዘመኑ ብዙ ፍሬኖች ላይ መካኒኮች ክንዱን በቁልፍ ይዘው ይጠመዝዙት ነበር። እንዲህ ተጨንቆ የተሠራን ዕቃ ነው «ለማማር» የተሠራ የሚሉት።

በደረቅ መንገድ ላይ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ትርጉም የለውም። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የሚነዳው ብስክሌት ከመሬት ስበት ግማሽ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ፍጥነቱን ሲቀንስ የኋላ መንኰራኩሩ ከመሬት ይነሣል፤ ከዚያ በላይ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። ይህ ወሰን የሚመጣው ከሰውየው ቁመትና ከብስክሌቱ ርዝመት ነው፤ ከፍሬኑ አይደለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በዚህ ወሰን አካባቢ ሲያዝ 7 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በደንብ የታሰረ ማፋክ በደረቅ ቸርኬ ላይ የኋላ መንኰራኩሬን ያነሣዋል። አዲሱ ፍሬን ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግልኝ ይችላል?

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን ደንቡ ሰዎችን ወደ እውነተኛ አደጋ የሚገፋ መሆኑ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው የተለመደው ባለ ሁለት ብሎን ፍሬን ክንዱ ከታሰረበት ብሎን ወደ ታች ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ነው የሚደርሰው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩ ብዙ ብስክሌቶች ጭቃ መከላከያና ሰፊ ጎማ እንዲይዙ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ የሚደርስ ክንድ ይፈልጋሉ። ረጅም ክንድ ያላቸው አዲስ ፍሬኖች የሉም አልልም፤ ነገር ግን ክንዱ በረዘመ ቁጥር ጭብጡ ይላላል፤ የአዲሱ ፍሬን ብልጫ የተባለውም አብሮ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ የድሮው ፍሬን በተራ ዳዶ የሚታሰር ሲሆን፣ አዲሱ በአብዛኛው የሚታሰረው ወደ ውስጥ በሚገባ ረጅም ዳዶ ነው፤ ለዚህም የድሮው ብስክሌት የፊት መንኰራኩሩን የሚይዘው የፊት እግር አናት ከኋላ በኩል ወደ 8 ሚሊ ሜትር ተሰፍቶ መበሳት አለበት። ስድሳ ዓመት የሞላውን ብረት፣ ፍሬን ሲያዝ የነጂው ክብደት በሚጫንበት ቦታ፣ በየቤቱ በእጅ መሰርሰሪያ እንዲበሱ ሰዎችን የሚያስገድድ ደንብ ነው ያወጡት። ፍሬን ሲሰንፍ ነጂው ለመታጠፍ ጊዜ ያገኛል፤ የፊት እግር ሲሰበር ግን ፊቱ አስፋልቱን እስኪመታ ድረስ ምንም ጊዜ የለውም።

በጣሊያን ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚካሄደው ኤሮይካ የተባለው የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ በመሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠሩ ብስክሌቶችን ነው የሚቀበለው፤ የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው በላይ በግልጽ የሚታይ እንዲሆንም ይጠይቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የቶስካናን ነጭ የጠጠር ቁልቁለቶች የሚወርዱት በዚህ ዓይነት ፍሬን ነው። የብሪታንያም የ1983 የብስክሌት ደንብ የሚጠይቀው አንዱ ለፊት አንዱ ለኋላ የሆኑ፣ በየራሳቸው የሚሠሩ ሁለት ፍሬኖችን ነው፤ ብሎኑ ስንት እንደሆነ አይቆጥርም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ መጥፎ የድሮ ፍሬን አለ። ከስስ ብረት ተጨፍልቀው የተሠሩት ርካሽ ፍሬኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ ደካሞች ነበሩ። ካምፓኞሎም ራሱ በ1980ዎቹ ዴልታ የተባለውን ከባድና ውስብስብ ፍሬን በዘመኑ እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ ሲሸጥ፣ ከ1968ቱ ሬኮርድ የተሻለ አላቆመም። ይህ ግን የእኔን ነገር ያጠናክራል፤ ዓመተ ምሕረት ፍሬን አይሠራም።

ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነው። የ1990ው ገደብ ይሰረዝ፤ በምትኩ የብረት ቸርኬ ያለው ብስክሌት በዝናብ ቀን እንዳይነዳ ወይም ቆዳ የተለበጠ ላስቲክ እንዲያስር ይደንገግ፤ የማንኛውም ብስክሌት ላስቲክና ሽቦ በመነሻው ላይ በእጅ ተይዞ ይፈተሽ። ይህን የማይቀበሉ ከሆነ ደግሞ ከሚያዝያው ጉዞ በፊት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የፈቀዱትን አዲስ ፍሬን በብረት ቸርኬ ላይ ገጥመው ይምጡ። እኔ ማፋኬን በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ይዤ እመጣለሁ። ሁለቱንም ቸርኬ ውኃ እናፍስበት፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየነዳን ከአንድ መስመር ላይ ፍሬን እንያዝ፣ የቆምንበትንም ቦታ በሜትር እንለካ። ውኃውንም ሜትሩንም እኔ አመጣለሁ።