ሆዴን ባር ባር አለኝ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። አንድ እግሬ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ነው። ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት።

«አንተዬ፣ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል።»

«ምን አይተሽ ነው እትዬ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«እሱ ነዋ የከፋው!»

ባር ባር ማለት ፍርሃት አይደለም፤ ፍርሃት ጅብ ሲያዩ ነው። ስጋትም አይደለም። ስጋት ምክንያት አለው፤ ጤፉ ሳይታጨድ ደመና ሲከብድ ገበሬ ይሰጋል። ባር ባር የሚለው ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጤፉ ጎተራ ገብቶ፣ ቡናው ተፈልቶ ሳለ ነው። ሰዋስዉም እንደዚያው ነው። «ሰጋሁ» ስል የሰጋሁት እኔ ነኝ። «ባር ባር አለኝ» ስል ግን ያለኝ ማን ነው? ቢፈለግ አይገኝ፣ ቢከሰስ አይቀርብ።

ስጋት ተምሮ ከተማ ገብቷል። ባንክ ቤት የራሱ ክፍልና ኃላፊ አለው። አንዴ ብድር ጠይቄ «ስጋቱ ከፍ ያለ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ሠራተኛው ፋይሌን ዘግቶ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ቢለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ይበልጥ አምነው ነበር።

የአክስቴ ሆድ ስቶ አያውቅም። ጎማ ከፈነዳ «አላልኩህም?» ትላለች። በሰላም ከገባሁ ደግሞ «ስለቴ ሰመረ» ትላለች። እስቲ አሁን ይህን ማን ይረታዋል?

መንገዱን ከሹፌሩ እኩል ትነዳዋለች። ደጀን ስንደርስ ትደውላለች። አባይ በረሃ ስንወርድ ኔትወርክ ይጠፋል፤ የሷ ጭንቅ ያኔ ነው። በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው ህዳሴ ድልድይ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የአክስቴ ሆድ ግን ዛሬም የሚሻገረው በአሮጌው ነው። ጎሃ ጽዮን ብቅ ስል ሰባት ሚስድ ኮል ይጠብቀኛል።

«አንተን ግን ባር ባር አይልህም?» ትለኛለች። ሆደ ደንዳና ማለቷ ነው፤ ይገባኛል።

ባለፈው ደጀን ደረስን። ስልኬ ዝም። ባትሪውን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ተሳፋሪው ሻዩን ይጠጣል፣ ረዳቱ ይሳደባል፣ ሁሉም ደህና ነው። እኔ ግን ሻዩ አልወርድ አለኝ። ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው ተነሳ። ከጀርባዋ የወፍጮው ጩኸት ይሰማል።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም እትዬ... ሆዴን ባር ባር አለኝ።»

«ምን አይተህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ምን ታደርቀኛለህ? ዝጋው፣ ተራዬ ደርሷል!»