ውሻው የት ያድራል?

ግራን ቻኮ ሰሜን አርጀንቲናን፣ ፓራጓይንና ቦሊቪያን የሚያካልል ደረቅ ቁጥቋጦ ምድር ነው። እዚያ በነፍሳት የሚተላለፈውን የቻጋስ በሽታ ለመከላከል የሚወጣ ቡድን መርጫውን አዝሎ ይመጣል፤ ግድግዳውን ይረጫል፣ ጣሪያውን ይረጫል፣ ቅጹን ሞልቶ ይሄዳል። ውሻው የት እንደሚያድር ግን አይጠይቅም። ለእኛ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ ነው፤ እኛ አገር ከብት የሚፈጀው የገንዲ ተዋሲ ዘመድ። ሲተላለፍ ግን ሌላ ነው። ቪንቹካ የምትባለው፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ትኋን መሰል ነፍሳት፣ ሌሊት ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ወጥታ ደም ትጠባለች፤ ስትጠግብም እዚያው ኩሷን ትጥላለች። ተዋሲው ያለው በኩሷ ውስጥ ነው። እንቅልፍ የያዘው ሰው የተነከሰበትን ሲያክ፣ ወይም ባከከበት እጅ ዓይኑን ሲያሽ ወደ ደሙ ይገባል። ውሻ ግን ነፍሳቷን ራሷን ለቅሞ በመብላትም ይያዛል።

አንዴ የተያዘ ውሻ ለዓመታት ቪንቹካን ሲበክል ይኖራል። በሰው ደም ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ተዋሲው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከአዋቂ ሰው የጠባች ቪንቹካ የመበከል ዕድሏ በጣም ያነሰ ነው። ዶሮ ደግሞ ከነጭራሹ አትያዝም፤ ደሟ ተዋሲውን ይገድለዋል። ታዲያ ዶሮዋ ምንም ጥፋት የላትም ማለት ነው? አይደለም። አልጋ ሥር በካርቶን ውስጥ 21 ቀን የታቀፈች ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ የማትነቃነቅ ቀለብ ናት፤ ቪንቹካ በእሷ ደም ትራባለች። ዶሮዋ ቀለብ፣ ውሻው የተዋሲ ጎተራ ሆነው አንድ ክፍል ሲያድሩ፣ የሚታመሙት አልጋው ላይ ያሉት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ከአርጀንቲና ቻኮ መንደሮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራ የሒሳብ ሞዴል፣ ውሾችን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት ብቻውን ስርጭቱን ክፉኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይህን የሰማ ሁሉ «ውሻውን ግደለው» ሊል ይችላል። ከንቱ ልፋት ነው፤ በሳምንቱ ቡችላ ይመጣል፣ ያልተያዘ ቡችላ ደግሞ ለተዋሲው አዲስ ማሳ ነው። ሌላው ስህተት ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። ሳይረጩ እንስሳቱን ያስወጡ እንደሆነ፣ የተራበችው ቪንቹካ የቀረላት ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ ይረጭ፤ የተለመደው መጠን በካሬ ሜትር 25 ሚሊ ግራም ዴልታሜትሪን የተባለ ፀረ-ነፍሳት መድኃኒት ነው። ከዚያ ስንጥቁ በጭቃ ይመረግ፤ እንስሳቱ ወዲያው ይውጡ። ከወራት በኋላ በአዲሱ ምርግ ላይ ከአልጋው ራስጌ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁርና ነጣ ያለ ዝርግፍ ከታየ ቪንቹካ ተመልሳለች።

የምትመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ነው። በፍየል ጉረኖና በዶሮ ቤት ላይ የተረጨውን መድኃኒት ፀሐይ፣ ዝናብና አቧራ ቶሎ ያከሽፉታል። ስለዚህ የቆጡ አሠራር ከመርጫው እኩል ይታሰብበት፦ የተከመረ ጭራሮና ልቅ ጡብ መደበቂያ ነው፤ በቋሚ እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ወንፊት ግን ገልጦ ያሳያል። ማታ ማታ ጫጩት ፍለጋ የሚመጣውን ኦፖሰም የተባለ የዱር እንስሳም ይከላከላል፤ እሱም ተዋሲውን በደሙ ብቻ ሳይሆን በፊንጢጣው ዕጢዎች ውስጥ ጭምር ይዞ ይዞራል።

በሰሜን አርጀንቲናና በቦሊቪያ አንዳንድ ቦታ ቪንቹካ መድኃኒቱን ስለለመደችው፣ አሁን ተስፋ የተጣለው ለውሻ በሚሰጥ ፍሉራላነር በሚባል ክኒን ላይ ነው። ክኒኑን ከዋጠ ውሻ የጠባች ቪንቹካ ትሞታለች፤ ውጤቱም ለወራት ይቆያል። እኛም እንደግፈዋለን፤ ዋጋው ለአንድ ፍየል ጠባቂ ቤተሰብ የሚቀመስ ባይሆንም። አንድ ስጋት ግን አለን፦ ወለል ላይ ሞታ የወደቀችውን ውሻው አንስቶ ሊበላት፣ በዚያውም ሊያዝ ይችላል። ክኒን የወሰደው ውሻም ቢሆን ደጅ ይደር።