እሳት አትስጡት፣ ቤንዚን ግን ሽጡለት

ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አበጋሮች ጠመንጃ የላቸውም። አልታረቅም ያለውን ሰው ግን «እሳት አትስጡት፣ ውሃ አትቅዱለት» ያሉበት እንደሆነ በሬ የሚያቀናጀው፣ ለደቦ የሚወጣለት አያገኝም። ልጅ ሆኜ እንዲህ የተባለበት ጎረቤት ነበረን። ሴት ልጁ እሳት ልትጭር በማለዳ ወጥታ፣ ከሦስት ቤት ባዶ ገሏን ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ። ሰውዬው ሳምንት ሳይሞላው ሽማግሌ ላከ፤ ካሳውን ከፈለ፤ በዚያው ቀን እሳት ተሰጠው።

በዜና በየቀኑ የምንሰማው ማዕቀብም የዚሁ ዘመድ ነው። የሚከሽፈው ጎረቤት ሲያብል ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ስትወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ያስተላለፈው ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ መሣሪያ አትሽጡላት፣ አታበድሯት፣ ዕቃዋን አትግዟት ተባለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋባትም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አውሮፕላኖቿ ንጉሠ ነገሥቱ የሰፈሩባትን ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ተነሣ። ወራሪው ታርሞ ሳይሆን አሸንፎ ነው የተነሣለት።

የተገላቢጦሹም አለ። ኢራን እ.ኤ.አ. በ2015 የኑክሌር ሥራዋን ልትገድብ፣ ማዕቀብም ሊነሣላት ተስማማች። ቃሏን እየጠበቀች መሆኑን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እየመሰከረ ሳለ አሜሪካ በ2018 ከስምምነቱ ወጥታ ማዕቀቡን መለሰች። በዓመቱ ኢራንም ገደቡን መጣስ ጀመረች። ለቴህራን ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ግን ካሳ ከፍሎ እሳት የተነፈገ ሰው ሁለተኛ ሲጠሩት ለምን ይመጣል?

ከደሴ ወደ ወልድያ ስንጓዝ የምናልፋት ውጫሌ ደግሞ ሌላ ታስታውሰኛለች። በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ሆኖ ሲገኝ፣ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ፤ የጣሊያንን ብድር መለሱ፤ ጠመንጃም ገዙ። ዛሬ ተንታኞች ዲፕሎማሲ፣ ኢኮኖሚ፣ ጦር ብለው በሦስት ሙያ የሚከፋፍሉትን እሳቸው በአንድ መሶብ አቀረቡት። ጦርነቱ ግን አልቀረም፤ ጣሊያኖች የምኒልክን ጦር አቅልለው አይተውት ነበርና። ጉልበት የሚያስፈራው የሚያምነው ሲያገኝ ነው።

ያቺ ባለ ገል ልጅ ግን ከሐሳቤ አትጠፋም። ምን አጠፋች? እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ ማዕቀቡ ሲከተል የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በዚያው ዓመት ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ የማዳበሪያውን ጆንያ በከዘራቸው ነካ አድርገው ዋጋውን ጠየቁ። ነጋዴው ነገራቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛ ደግሞ ከማን ተጣልተን ነው?» አሉት።